ሦስት መቶኛው የፀሐይ ቀን

የሰደበኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል፤ ቦታው ከወደቡ በር ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ። ዓመቱ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ግን ማን የት እንደተቀመጠ ጠይቁኝ። ከወንድሜ በስተቀኝ የእሱ ጀልባ ሞተረኛ፣ በስተግራ የጉምሩክ ጸሐፊው፣ ፊት ለፊት ሁለት የሥራ ጓደኞቹ፣ አንደኛው ቀይ ሹራብ የለበሰ። እኔ ገና ወንበር ሳልስብ ወንድሜ እጁን ከፍ አደረገ።

"ተነሱለት እንጂ! የፀሐይ ዘበኛ መጣ።"

"ደግሞ ፀሐይ ዘበኛ አላት?" አለ ባለ ቀይ ሹራቡ።

"አላት እንጂ። መንግሥት አንድ ብይ ሰጥቶታል። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብሎ እሷን ያያል። እኔ መርከብ አስገባለሁ፣ እሱ ብይ ይጠብቃል። ከአንድ ማህፀን ወጣን ብንል ማን ያምነናል?"

ሞተረኛው ሻዩ በአፍንጫው ወጣ።

"ብይዋ ብትሰረቅስ?" አለ ጸሐፊው።

"ከተማው ይጨልማላ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ስድቡ አይደለም፤ አብሬ መሳቄ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወደቡ ስሜ "ብይ ጠባቂው" ሆነ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር "ብይ ጠባቂው፣ ዛሬ ይዘንባል?" ትለኝ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ወንድሜ ግን ለመርሳትም ጊዜ አላገኘም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ።

ይህን ሁሉ አሁን የቀሰቀሰችው ልጁ ናት። አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ዛሬ በወደቡ የራዲዮ ክፍል ትሠራለች፤ መርከቦቹን ስታነጋግር ድምፅዋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። የእኔ መሥሪያ ቤት የአየር ሁኔታ ጣቢያው ነው፤ ከወደቡ አፍ በላይ፣ ባሕሩ ውስጥ በገባው ድንጋያማ ኮረብታ ጫፍ ላይ፣ መቶ አርባ ደረጃ ተወጥቶ። ባለፈው ሰኞ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሽዋን ሰበሰበች።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?"

"አለሁ። ምን እግር ጣለሽ?"

"እማዬ ብሶባታል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የላትም ብሎኛል።"

"ሰምቻለሁ። ትናንት ውኃ ላመጣላት ሄጄ አይቻታለሁ።"

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው። የአባዬን ስም ግድግዳው ላይ ማየት።"

የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መርከብ አስገቢዎቹ፣ ማለት እንግዳ መርከብ ሲመጣ በትንሽ ጀልባ ወጥተው፣ ተሳፍረው፣ እየመሩ ወደቡ ውስጥ የሚያስገቡት፣ የራሳቸው አዳራሽ አላቸው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በሥራ ላይ የሞቱት ስም በነሐስ ተቀርጿል። አሥራ አራት ስም አለ። የወንድሜ የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ጥፋቱ፣ ጀልባውን በወደቡ አፍ ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ያጋጨ ተብሎ ነው የተፈረደበት፤ ጥፋቱ የራሱ የሆነ ሰው ደግሞ አይጻፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስቱ የዚህ ሰው ሚስት፣ ልጁ የዚህ ሰው ልጅ ሆነው ኖሩ። "ጠጥቶ ነው" ያለም አልጠፋ። ወንድሜ ብዙ ክፋት ነበረበት፤ መጠጥ ግን በአፉ አይዞርም ነበር።

"አዲሶቹ የኮሚቴ አባላት ነገሩን እንደገና እናየዋለን ብለዋል" አለች። "ቅዳሜ በአራት ሰዓት። ያን ቀን ጉም ነበር ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው ካለ ስሙ ይጻፋል። ሞተረኛው ሞቷል። ጉም ነበር ያሉት ሁለቱ ዓሣ አጥማጆችም የሉም። የእርስዎ ኃላፊም የለም። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"እኔ ምን አውቄ። ካርዱ ተናግሯል።"

"ካርዱን አይደለም የምጠይቀው ጋሼ። ዓይንዎን ነው።"

"ይመጣሉ?" አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ደረጃውን ስትወርድ አረማመዷ የአባቷን ይመስላል፤ ደረጃው ለእሷ የተሠራ ይመስል።

ስለ ካርዱ ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም። ወንድሜ ብይ ያላት ነገር የትልቅ ብርቱካን ያህል የብርጭቆ ኳስ ናት። ከበስተጀርባዋ ጎድጓዳ የብረት ማቀፊያ አለ፤ በእሱ ውስጥ ሰዓቱ በነጭ መስመር የተሰመረበት ወፍራም ካርድ ይገባል። ፀሐይ በኳሷ ውስጥ አልፋ ካርዱ ላይ ትሰበሰባለች፤ ታቃጥለዋለች። ፀሐይ በተጓዘች ቁጥር ቃጠሎውም እንደ ቀጭን መንገድ አብሮ ይጓዛል። ደመና ሲመጣ ይቋረጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካርዱን አወጣለሁ፣ ከጀርባው ቀኑን ጽፌ እፈርማለሁ፣ ለነገ አዲስ አስገባለሁ። ቃጠሎው አንድ ሰዓት ከሞላ ያ ቀን "የፀሐይ ቀን" ተብሎ ይመዘገባል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ አባታችን ታሞ አንድ ሰው እቤት መቅረት ሲኖርበት "ትልቁ ይማር፣ ትንሹ ያስታምመኝ" አለ። አስታመምኩ። ይሁንና ይህችን ሥራ ከእኔ የተሻለ የሚሠራት አልነበረም። ሰው አይሳሳት ብሎ የሠራት ዕቃ ናት፤ ፀሐይ ራሷ ጽፋ ራሷ ትፈርማለች።

አሁን ወደ ከተማዋ ልምጣ። "በዓመት ሦስት መቶ የፀሐይ ቀን" የሚል ጽሑፍ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በሆቴሎቹ ደጃፍ፣ በፖስታ ካርዱ ላይ፣ በየሻንጣው መለጠፊያ ላይ ሳይቀር አለ። እንግዶች ደረጃውን ወጥተው "እውነት ነው ወይ?" ይሉኛል። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ እኔ በገባሁበት ዘመን ሁለት መቶ ስልሳ፣ ሁለት መቶ ሰባ ነበር። መጥፎ አይደለም። ቁመናዋ አይከፋም፤ ግን ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ ነው የምትለካው። ሦስት መቶ ያላት ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዱ ተናገረ፣ ሌላው ጻፈ፣ ሦስተኛው ቀለም ቀባበት።

የሚጎድለውን የሚወስደው ዝናብ አይደለም፤ ጉም ነው። ዓሣ አጥማጆች "አማት" ይሉታል፤ ሳይጠራ መጥቶ ቤቱን ሁሉ ስለሚይዝ። ከባሕሩ ተነስቶ የወደቡን አፍና የእኔን ኮረብታ ይውጣል፤ ሆቴሎቹ ያሉበት ዳርቻ ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም። እዚያ ሰዎች ጀርባቸውን ፀሐይ እያሞቁ ሳለ እዚህ የገዛ እጅህን አታይም። እና እንግዳው ወደ አገሩ ተመልሶ ምን ይላል? "እውነትም የፀሐይ ከተማ!" ይላል።

ያን ዓመት ግን ጉድ ሆነ። አየሩ በእውነት ደግ ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሲገባ መዝገቤ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይላል። በዚያው ላይ አንድ የጉዞ መጽሔት "ወሬውን ሰምተናል፣ ቁጥሩን በማኅተም ላኩልን" ብሎ ጽፏል።

በዚያ በመጨረሻው ቀን ጎህ ሲቀድ አማት መጣች። እንደዚያ ያለ ጉም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከመስኮቴ አራት እርምጃ ላይ ያለችው የብርጭቆ ኳስ አልታየችኝም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከታች የጀልባ ሞተር ሰማሁ፤ የወንድሜ ጀልባ እንደሆነች በድምፅዋ አወቅሁ፤ ሞተሯ እንደ ሰው ያስላል። ከውጭ መርከብ ትጠብቀዋለች። ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። በር በንፋስ ሲዘጋ ያህል። ከዚያ ሞተሩ ዝም አለ።

እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ተገፈፈ፤ ከላዩ ግን ስስ ደመና ቀረ፤ ፀሐይ በጨርቅ ተሸፍና እንደምትታይ ትታያለች እንጂ ካርድ አታቃጥልም። ሞተረኛው ግንቡ ላይ በታሰረ ጎማ ተንጠልጥሎ በሕይወት ተገኘ። ወንድሜን መርከቧ አንስታዋለች፣ ድኗል የሚል ወሬ ወጣ። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሰው የሚፈልገውን ወሬ ያወጣል።

በአሥር ሰዓት የጣቢያው ኃላፊ ከከተማው ቢሮ ደወለ።

"ወንድምህ ድኗል አሉ። እንኳን አተረፈልህ።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን ጌታዬ።"

"ስንት ደረስን?"

"ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ባዶ ነው። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ደመና።"

"ስማኝ። ከሆቴሎቹ በኩል ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉሙን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። አንዲት ሰዓት። አንዲት! ከተማዋን በአንዲት ሰዓት ሦስት መቶውን ታሳጣታለህ?"

"ካርዱስ?"

"ካርድ ወረቀት ነው። ወረቀት የጻፉበትን ይላል" አለና ዘጋ።

ከራዲዮ መጠገኛ ሳጥኑ ውስጥ የመበየጃውን ብረት አወጣሁ፤ የተበጠሰ ሽቦ የምናያይዝበትን። ሰካሁት፤ ጋለ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የእውነተኛ ፀሐይ ቃጠሎ ሁለቱ ጫፎቹ ይቀጥናሉ፣ ወገቡ ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ሰው ቢሠራው በአንድ ቀን ይያዝ ነበር። እኔ አውቀዋለሁ። አሳምሬ ሠራሁት። ከሦስት ሰዓት ጀምሬ እስከ አራት። ሃያ አምስቱ ደቂቃ ላይ ስደርስ ብቻ ብረቱ ትንሽ አመለጠኝና መስመሩ እንደ ፀጉር ያህል ጎበጥ አለ።

ለብዙ ዓመት "ታዝዤ ነው" ስል ኖሬአለሁ። የታዘዝኩት ግን አንድ ሰዓት ነው። የትኛው ሰዓት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰማዩ ነጣ ያለ ነበር፤ ያንን ባቃጥል ማንም አይጠይቀኝም፣ ማንንም አይጎዳም። ሦስት ሰዓትን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ድኗል ብለውኛል፤ ነገ ጠዋት ጃኬት ደርበውለት፣ ትኩስ ነገር ሰጥተውት፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ "በዚያ ጉም ጀልባ ሰብሬ በሕይወት ወጣሁ" ብሎ ሲያወራ ታየኝ። ሁሉም ሲያጨበጭብለት ታየኝ። እኔ ሳስታምም እሱ ሲጨበጨብለት ነው የኖርነው። ስለዚህ ትንሽ ይፈር አልኩ። ጉም አልነበረም ይበሉት፤ አንድ ሳምንት አንገቱን ይድፋ። ከአንድ ሳምንት የበለጠ አልተመኘሁለትም።

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑ ከግንቡ ሥር ተገኘ። ካርዱ ግን በመጀመሪያው መኪና ወደ ዋናው ቢሮ ሄዶ ነበር።

በምርመራው ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሞተረኛው እያለቀሰ "ጉም ነበር ጌቶቼ፣ አፍንጫችንን አናይም ነበር" አለ። ዓሣ አጥማጆቹም እንደዚሁ። ሰብሳቢው ካርዱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና "ሰው ለጓደኛው ያደላል፤ ፀሐይ ለማን ታደላለች?" አለ። አዳራሹ ሳቅ አለ። ወደ እኔ ዞሮ "ፊርማው ያንተ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ያኔ ጉም ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ... ይህን ሃያ ሁለት ዓመት አስቤበታለሁ፤ መልሱን አላገኘሁትም። የወንድሜ ሚስት ከፊት ወንበር ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስንወጣ እጄን ያዘችና "እንዳታፍር፤ አንተ እውነቱን ነው የሰጠኸው" አለችኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያለው ሰው ዝም ብሎ አያውቅም።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አማት ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አልወጣችም። ማታ ካርዱን ሳወጣ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተቃጥሏል። ሁለቱ ጫፎች ቀጭን። ሃያ አምስቱ ደቂቃ ላይ እንደ ፀጉር ያህል ጎበጥ ያለ።

የድሮውን ካርድ በስህተት አስገብቼ ይሆን አልኩ። የድሮው ግን በዋናው ቢሮ መዝገብ ቤት ተቆልፎበታል። በሚቀጥለው ጉም ኳሷን በጆንያ ሸፍኜ፣ ጆንያውን በገመድ አሥሬ ዋልኩ። ማታ ፈታሁት። ጆንያው አንድ ክር አልተለበለበም፤ ካርዱ ግን ተቃጥሏል። በሦስተኛው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ አጠገቧ ቆምኩ። ብርድ ነበር፤ ኳሷ እንደ ዓይነ ስውር ዓይን ነጥታለች። ሦስት ሰዓት ሲሞላ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተኝ። ከካርዱ ላይ ቀጭን ጭስ ተነሳ፤ ጥቁር ነጥብ ታየች፤ መሄድ ጀመረች። ከታች የጀልባ ሞተር ይሰማኛል፤ የምታስል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጉም እንጂ ሌላ የለም። ሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ነጥቧ ቆመች። ሞተሩም ቆመ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ነጥቧ እንደገና ተነሳችና እስከ አራት ሰዓት ሄደች። ሞተሩ ግን አልተነሳም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ጎረቤቴ ጥላዋን አይታ ስትጮህ የምስቅ ሰው ነኝ። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ የተቃጠለ ካርድ ይላካል። ላክሁ። ምን ብዬ ላስቀረው? ሁለት ኃላፊ ተለዋውጧል፤ አንዱም አልጠረጠረም። ከዚያ ዓመት ወዲህ የጉም ቀን ሁሉ የፀሐይ ቀን ሆኖ ተመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት መቶ አሥራ አንድ፤ በሦስተኛው ሦስት መቶ ሃያ። ጉም በበዛ ቁጥር ፀሐይ በዛች። ከተማዋ ሽልማት ተሸለመች፤ የቀድሞው ኃላፊ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ፎቶ ተነሣ፤ በአደባባዩ የፀሐይ ምስል ያለው ፏፏቴ ተሠራ። እንግዶች ይመጣሉ፤ "እውነት ነው ወይ?" ይሉኛል። "ከእውነትም አልፏል" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ወንድሜ በሕይወት እያለ በእኔ ሥራ ሳቀ፤ ሞቶ የእኔን ሥራ ይሠራል። ለዚህች ከተማ የጎደላትን ፀሐይ የሚያወጣላት እሱ ነው።

ሚስቱንና ልጁን አልተውኳቸውም። ጣራ ሲያፈስ ወጥቻለሁ፣ ውኃ ተሸክሜአለሁ፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት ወስጄ አምጥቻለሁ። ሰው "የወንድም ነገር፣ ደም ውኃ አይሆንም" ይላል። ሚስቱ ባመሰገነችኝ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ያ ነጥብ ትንሽ ይሄዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ አማት መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። ሥራዬ ላይ ገባሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሸተተኝ። ቆሜ አየሁት፤ የዛሬው ከወትሮው ይልቅ የጠቆረ መሰለኝ፣ ወይም ዓይኔ ነው። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ካርዱን አወጣሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካርድ አውጥቼ አላውቅም፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ገና ሞቃት ነበር። በደረት ኪሴ ከተትኩትና ደረጃውን ወረድኩ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ። "ይኸው" እላቸዋለሁ፣ "ውጭውን እዩ፣ ይህንን እዩ። ካርድ በጉም ይቃጠላል። ያንን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ይህንን ማን እንዳቃጠለው እናንተ ንገሩኝ።" እብድ ቢሉኝም ይበሉኝ። ስድብ ለምጃለሁ።

አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ተወልውሏል፤ አምስት ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። የወንድሜ ሚስት በተሽከርካሪ ወንበር፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ፣ አሥራ አራቱን ስሞች ፊት ለፊት ታያለች። ፊቷ ከማነሱ የተነሣ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ልጅቷ ከኋላዋ የወንበሩን እጀታ ይዛ ቆማለች።

"ይቀመጡ አባት" አለ ሰብሳቢው፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። መስኮቱን አየና ፈገግ አለ። "የፀሐይ ከተማ! ዛሬ መኪናዬን ያቆምኩበትን አላየሁትም። ለማንኛውም እናሳጥረው። እርስዎ ያን ቀን ጣቢያው ላይ ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

"ካርዱ ፀሐይ ነበር ይላል። ሞተረኛው ጉም ነበር ብሎ ነበር። እኛ የእርስዎን ቃል እንቀበላለን፤ አንድ ቃል ይበቃናል። ጉም ነበር ካሉ ዛሬውኑ ስሙ እንዲቀረጽ እናዛለን።"

እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ። ካርዱ በጨርቁ ውስጥ ያሞቀኛል። ያኔ ነው ሚስቱ የተናገረችው።

"አንድ ነገር ልበል" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወረቀት ነው። "እሱን እንዳታስጨንቁት። ለልጄ አዝኖ ያልነበረውን ነበር እንዲል አልፈልግም። ይህ ሰው ለእኔ ባሌን የተካ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ሐሰት ከአፉ አልሰማሁም። ጉም ነበር ካለ ነበር። አልነበረም ካለም አልነበረም፤ እቀበላለሁ፣ እኔም በሰላም እሞታለሁ። ባሌ አጥፍቷል ብል ይቀለኛል፤ ይህ ሰው ዋሽቷል ከምል።"

"እማዬ!" አለች ልጅቷ።

"እውነቴን ነው። ከእነዚያ ቀናት የቀረልኝ ንጹሕ ነገር እሱ ብቻ ነው።"

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሳ። "ይበሉ አባት። ጉም ነበር?"

ብሰደብ ኖሮ እመልስ ነበር። "ቀጣፊ" ብትለኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፋ፣ ካርዱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ እጥለው ነበር። ለስድብ ዕድሜ ልኬን ተዘጋጅቻለሁ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ያየሁት አሥራ አራቱን ስሞች አይደለም፤ እኔን የምታይበትን ዓይን ነው። ጉም ነበር ካልኩ የፈረምኩበት ካርድ ሐሰት እንደነበር ታውቃለች፤ ስሙ ሲቀረጽ ያ ዓይን ይጠፋል። እና በእሷ ፊት ማፈር አልችልም፤ ያን ያህል ቸር አይደለሁም፤ ያ ዓይን በዚህ ዓለም የእኔ የምለው ብቸኛ ነገር ነበር። ወንድሜ ሁሉ ነገር ነበረው።

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ባዶውን።

ከመስኮቱ ውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሞተር አሰለ። ሌላው ሰው አልሰማም፤ ቢያንስ ማንም ፊቱን አላዞረም።

"አባት?" አለ ሰብሳቢው።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁና ተነሳሁ። ወለሉ ስለሚያንሸራትት ቀስ ብዬ ተራመድኩ። በእሷ አጠገብ ሳልፍ ክንዴን ዳበሰች፤ ያዘንኩ መስሏታል። ልጅቷ ግን ወንበሩን ለቃ ተከተለችኝ፤ በኮሪደሩ ውስጥ የጫማዋ ድምፅ ከኋላዬ ፈጠነ፤ እደረጃው አናት ላይ ቆመ።

"ጋሼ!" አለች። "አንድ ቃል! ነበር ወይስ አልነበረም?"

የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ወረድኩ። በሩን ከፈትኩ። ነጩ ነገር እስከ ደፉ መጥቷል።

"ጋሼ፣ ቢያንስ ዞር ይበሉ!"

የኮቴን አዝራር እስከ አንገቴ ቆለፍኩና ወጣሁ።